ፊት የሌላቸው ሰዎች ሠዓሊ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ያዋሰኝን የሥዕል መጽሐፍ ሳገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ቆምኩ። በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የተሠራ ሥዕል ነው። በወፍራም መስመር የተሣሉ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ይጨፍራሉ። ዓይንም አፍንጫም የላቸውም። ሠዓሊው አሜሪካዊው ኪት ሄሪንግ ነው።

እኔ ያደግሁት ገሳይ ነው፤ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ኃጥእ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። በልጅነቴ ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ የምለየው ዓይን ቆጥሬ ነበር። በሄሪንግ ሥዕል ላይ የሚቆጠር ዓይን የለም። ሕግ ላጠና ሰው ይህ ግራ ያጋባል፤ በማን ላይ ይፍረድ?

ሄሪንግ እ.ኤ.አ. በ1958 በፔንሲልቬንያ ግዛት ተወለደ። ካርቱን መሣል ያስተማሩት አባቱ ናቸው። በ1978 ኒው ዮርክ ገብቶ የሥነ ጥበብ ትምህርቱን ጀመረ። በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ማስታወቂያ ያልተከራያቸው ሰሌዳዎች በጥቁር ወረቀት ይሸፈኑ ነበርና፣ ከ1980 ጀምሮ በነጭ ጠመኔ ይሥልባቸው ገባ። ተመልካቹ ወደ ሥራው የሚጣደፈው ሕዝብ ነበር፤ ክፍያ የለም። ፖሊስ ግን ደጋግሞ ያዘው። በ1986 ሃርለም ውስጥ በአንድ ግድግዳ ላይ ክራክ የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ የሚያወግዝ ሥዕል ያለ ፈቃድ ሥሎ ተቀጣ። በኋላ ግን የከተማዋ የመናፈሻ መሥሪያ ቤት እንደገና እንዲሥለው ፈቀደለት፤ ሥዕሉ ዛሬም አለ።

በቀለም ሲሠራ አስቀድሞ በእርሳስ አይነድፍም፤ ብሩሹን ነክሮ በቀጥታ ይጀምራል። የእኛ ቁም ጸሐፊ ሲሳሳት ብራናውን ፍቆ ያርማል። ሄሪንግ የሚፍቀው ነገር አልነበረውም።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ የ1977ቱ ድርቅ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላዴልፊያ ለረሃቡ መርጃ የሙዚቃ ድግስ ሲካሄድ፣ ለፊላዴልፊያው መድረክ ሥዕል ሠራ። በሥዕሉ ያስዋበው መኪናም ለአፍሪካ ረሃብተኞች መርጃ ለጨረታ ቀረበ። እኔ ያኔ የገሳይ ተማሪ ነበርኩ፤ ይህን ሁሉ አላውቅም። ዓለም በቴሌቪዥን የሚያየው የልጆቻችንን የጎድን አጥንት ነበር። ያ ምስል እህል አምጥቶልናል፤ አልክድም። ነገር ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ለስብሰባ ውጭ አገር ሄጄ ከየት እንደመጣሁ ስናገር ሰዎች በሐዘኔታ ዓይን ሲያዩኝ እሸማቀቅ ነበር። አጥንቱ የሚቆጠር፣ ፊቱ ለምጽዋት የሚታይ ሰው በሄሪንግ የጭፈራ ሥዕሎች ውስጥ የለም። በእነርሱ ውስጥ ሰው ሁሉ እኩል ነው።

በ1988 ኤድስ እንደያዘው አወቀ። ያኔ ብዙዎች ይደብቁት ነበር፤ እርሱ ግን በአደባባይ ተናገረ። በ1989 ለኤድስ ድርጅቶችና ለሕፃናት የሚረዳ ፋውንዴሽን አቋቋመ፤ በየካቲት 1990 በ31 ዓመቱ ሞተ። በእኛ አገር ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት ስንቱን ወጣት በሳንባ ሞተ፣ በወባ ሞተ እያልን ቀበርን! እኔም ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እውነቱን እያወቅሁ አብሬ ዝም ብያለሁ። ፊት የሌላቸውን ሰዎች ሲሥል የኖረው ሰው ተራው ሲደርስ የራሱን ፊት አልሸፈነም።

ለ1977 ዘፈን ያወጡትን ሁሉ በስም እንጠራለን። ይህን ሠዓሊ ግን የሚያስታውስ እምብዛም ነው። የእርሱም ውለታ አለብንና፣ ነፍሱን ይማር።