የቤንትሊ ሕይወት

ዋልተር ኦወን ቤንትሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. በለንደን ተወለደ። በወጣትነቱ በባቡር ፋብሪካ ሙያ ተማረ፤ በ1919 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራውን የመኪና ኩባንያ አቋቋመ። ፋብሪካው ሞተሩንና ሻንሲውን የ5 ዓመት ዋስትና ሰጥቶ ሲሸጥ፣ አካሉን ገዢው እንደ ምርጫው በሌላ ባለሙያ ያሠራ ነበር።

ፍጥነት ወዳዶች አየርን በኃይል ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ሱፐርቻርጀር እንዲጨመር በጠየቁ ጊዜ፣ ቤንትሊ የሞተሩን ጠባይ ያበላሻል ሲል ተቃወመ። ዳሩ ግን ባለገንዘቡ ሌላ ሰው ነበርና 50 መኪኖች ከነዕቃው ተሠሩ። በ1930 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በለ ማን በተደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ሱፐርቻርጀር ያላቸው ሁለቱ ተበላሽተው ሲቀሩ፣ ያለ እርሱ የተሠራው ባለ 6 ሲሊንደር ቤንትሊ 1ኛ ወጣ።

በሚከተለው ዓመት ኩባንያው በዕዳ ወድቆ ለሮልስ ሮይስ ተሸጠ። ቤንትሊ ፋብሪካውን አጣ፤ ቃሉ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። በ1971 ዓ.ም. ዐረፈ።