በፕሮባችን ገመድ ውስጥ ያለው ሰውዬ፦ ኦሊቨር ሄቪሳይድ

ስለ አንድ የጥንት ሰው እንድጽፍ ስጠየቅ ከሕክምና ትምህርት ቤት የሚጠበቀው ፓስተር ወይም ፍሌሚንግ እንደሆነ አውቄዋለሁ። እኔ ግን ሐኪም ያልሆነ፣ እንደ እኛ በዩኒቨርሲቲ ደጅ ያላለፈ ሰው መርጫለሁ። ኦሊቨር ሄቪሳይድ ይባላል። ስሙን የማታውቁት ትኖራላችሁ፤ ሥራው ግን በየቤታችሁ አለ። ከጣሪያው ዲሽ ወርዶ፣ በመስኮት ገብቶ ሪሲቨሩ ጀርባ የሚታሰረው ክብ ገመድ፣ ኮአክሲያል የሚባለው፣ በእሱ ስም የባለቤትነት መብት የወጣበት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1850 ለንደን ውስጥ ካምደን ታውን በሚባል ሰፈር ተወለደ። አባቱ እንጨት ላይ ሥዕል እየቀረጸ ለማተሚያ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ነበር፤ ኑሯቸው ጠባብ ነው። እናቱ ገቢ ለመደጎም ልጃገረዶችን ታስተምር ነበር። ኦሊቨር ከአራት ወንዶች ልጆች የመጨረሻው ነው። ገና ልጅ ሳለ ስካርሌት ፊቨር ያዘው። ዛሬ በፔኒሲሊን የምናድነው ስትሬፕቶኮከስ ያኔ ልጅ ይገድል ነበር፤ የተረፈውም ጆሮውን፣ ልቡን ወይም ኩላሊቱን አጥቶ ሊተርፍ ይችላል። ኦሊቨር ያጣው ጆሮውን ነው። ጨርሶ አልደነቆረም፣ እያደገ ሲሄድም መጠነኛ መስማት ተመልሶለታል። ግን መንገድ ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር እየተጯጯኹ መጫወት አልቻለም። ጆሮው የከበደ ልጅ ሰው ያለውን በግማሽ እየሰማ፣ ግማሹን እየገመተ ያድጋል፤ ይሄ ደግሞ ያደክማል፣ ያሸሻል። በኋላ ዘመኑ ሰዎች ስለ ብቸኝነቱ ብዙ አውርተዋል። እኔ መነሻውን ሌላ ቦታ አልፈልግም።

በ16 ዓመቱ ትምህርት አቆመ። ደግነቱ የአክስቱ ባል ቻርልስ ዊትስቶን ነበር፤ ቴሌግራፍን እንግሊዝ ውስጥ ለሥራ ካበቁት ሰዎች አንዱ። በ1868 ኦሊቨር ዴንማርክ ሄዶ ከእንግሊዝ በባሕር ሥር በተዘረጋው መስመር ላይ የቴሌግራፍ ኦፕሬተር ሆነ፤ ቀጥሎም ወደ ኒውካስል ተመለሰ። በዚህ መሐል የማክስዌል የኤሌክትሪክና የማግኔት መጽሐፍ በ1873 ወጣ። ኦሊቨር አገላብጦ አየው፣ ከአቅሙ በላይ እንደሆነ ገባው፣ እማረዋለሁ ብሎ ቆረጠ። በ1874፣ በ24 ዓመቱ፣ ሥራውን ለቀቀና ወላጆቹ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ ደመወዝተኛ ሆኖ አያውቅም። የእኛ አገር እናት ብትሆን ልጄን ምን ነካው ብላ ጠበል ትወስደው ነበር፤ የእሱ ቤተሰቦች ግን ምግቡን በሩ ላይ እያስቀመጡለት ተዉት።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ። ያኔ ብዙዎቹ የስልክ መስመሮች አንድ ሽቦ ብቻ ነበራቸው፤ መመለሻው መሬቱ ነው። ሽቦዎቹ እንጨት ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለው ኪሎ ሜትሮች ሲሄዱ የአንዱ ድምፅ ሌላው ላይ ይሰማል፤ የቴሌግራፉ ምት ደግሞ በስልኩ ውስጥ እንደ ድስት ይንጣጣል። ሄቪሳይድ በ1880 በቁጥር 1407 ያስመዘገበው መፍትሔ ይሄ ነው፦ ሁለቱን ሽቦዎች ጎን ለጎን ከማድረግ አንዱን ቱቦ አድርገህ ሌላውን መሐሉ ላይ አስቀምጠው። ጅረቱ በመሐለኛው ሄዶ በቱቦው ይመለሳል፤ ሁለቱ ወደ ውጪ የሚፈጥሩት ነገር እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ሥራው ሁሉ በመሐላቸው ባለው ክፍተት ተዘግቶ ይቀራል። ከዚያ በፊት የተዘረጉት የባሕር ሥር ገመዶችም ቅርጻቸው ይመስላል። እነሱ ግን ለመከላከያ ተብለው የተጠቀለሉ ናቸው፤ ውጪውን ሽፋን ሆን ብሎ መመለሻም መጋረጃም ያደረገው እሱ ነው። ገመዱ በዘመኑ ፈላጊ አላገኘም። የቤል ላብራቶሪ ሰዎች ሐሳቡን ለረጅም ርቀት የስልክ መስመር አዘጋጅተው ከኒው ዮርክ እስከ ፊላደልፊያ የሞከሩት በ1936 ነው፤ በአንድ ጊዜ 240 ንግግር ማስተላለፍ ይችል ነበር።

ከምህንድስና የተመረቃችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ ልታርሙኝ ትችላላችሁ፤ ለሐኪሞቹ ግን ይሄን ካልነገርኩ አይሆንልኝም። የአልትራሳውንድ ፕሮብ ገመድ አንድ ገመድ አይደለም። ውስጡ ብዙ ጊዜ 128 ወይም ከዚያ በላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ኮአክሲያሎች አሉ፤ እያንዳንዱ የፕሮቡ ኤለመንት የራሱን ይዞ ይሄዳል። ከሰውነት የሚመለሰው ምልክት በጣም ደካማ ስለሆነ መጋረጃው ባይኖር ጎረቤት ከጎረቤት ይደባለቅ ነበር። ገመዱን በጋሪው ጎማ ስንረግጠው፣ አንገቱ ላይ ቆልምመን ስንሰቅለው፣ ከእነዚህ አንዱ ይበጠሳል፤ ምስሉ ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ሰፋ አድርጎ ጠቅልሎ በመንጠቆው መስቀል ነው ያለበት።

ጄል የምንቀባበት ምክንያትም ከእሱ ቃል ጋር ይገናኛል። ኢምፔዳንስ የሚለውን ቃል በ1886 ለኤሌክትሪክ የፈጠረው ሄቪሳይድ ነው፤ በኋላ የድምፅ ሳይንስ ወሰደው። በፕሮቡና በቆዳው መሐል አየር ካለ የኢምፔዳንሱ ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ድምፁ እዚያው ነጥሮ ይመለሳል። በገመድም ያው ነው። የዲሽ ገመድ በሹል ሲታጠፍ መሐለኛው ሽቦ ወደ መጋረጃው ይጠጋል፣ እዚያች ቦታ ላይ ኢምፔዳንሱ ይለወጣል፣ ከምልክቱ የተወሰነው ወደ ኋላ ይመለሳል። ጥሩ ኮኔክተር ማለት ምልክቱ መገጣጠሚያ እንዳለ የማያውቅበት ነው። የአልትራሳውንዱ ፕሪንተር ጀርባ ላይ ገፍተን ሩብ ዙር የምናጠማዝዛት ቢ ኤን ሲ የምትባለው ማገናኛም የተሠራችው ለዚሁ ነው።

ትልቁ ጠብ የመጣው ግን በ1887 ነው። ስልክ ርቀቱ ሲጨምር ንግግሩ ይደበዝዝ ነበር፤ ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ በተለያየ ፍጥነት ስለሚጓዙ ቃሉ ተበታትኖ ይደርሳል። የፖስታ ቤቱ የኤሌክትሪክ ኃላፊ ዊልያም ፕሪስ ኢንዳክታንስ የሚባለውን ባሕርይ ጠላት አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ሄቪሳይድ በሒሳብ ተቃራኒውን አሳየ፦ በመጠኑ ከተጨመረ ሁሉም ድምፅ እኩል ይጓዛል፣ ንግግሩም ይጠራል። ለሐኪም ይሄ እንግዳ አይደለም። ከእኛ በፊት የነበሩት ቤታ ብሎከርን ለደከመ ልብ መስጠት ክልክል ነው ብለው ተምረው፣ ቆይቶ ዕድሜ የሚያስቀጥል መድኃኒት ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ፣ ያኔ ሙከራ የሚያዝ አካል አልነበረም፤ ሥልጣኑ የፕሪስ ነው። ኦሊቨር ከወንድሙ ከአርተር ጋር የጻፈው ጽሑፍ ታገደ፤ አርተር የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ስለነበረ ያለ ፕሪስ ፈቃድ ማሳተም አይችልም። ጽሑፎቹን ያወጣለት የነበረው የኤሌክትሪክ መጽሔት አዘጋጅ በዚያው ዓመት ከቦታው ተነሣ፤ ተተኪው ተከታታይ ጽሑፉን አቋረጠው።

እንግሊዝ የተወችውን አሜሪካ አነሣችው። በ1900 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሚካኤል ፑፒን መስመሩ ላይ በየተወሰነ ርቀት ጥቅል ሽቦ የማስገባቱን ዘዴ በስሙ አስመዝግቦ ከስልክ ኩባንያው በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ዶላር አገኘ። ሄቪሳይድ አምስት ሳንቲም አላገኘም። ፑፒን ለፍቷል፣ አልክድም፤ ግን መንገዱን የጠረገው ሄቪሳይድ ነበር።

ክብር ጭራሽ አልመጣም ማለት ሐሰት ነው። የማክስዌልን ሃያ እኩልታዎች ዛሬ ተማሪ ሁሉ ወደሚያውቃቸው አራቱ ያሳጠራቸው እሱ ነው። በ1891 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፣ በ1896 መንግሥት በዓመት 120 ፓውንድ ጡረታ ቆረጠለት፣ በ1905 የጀርመኑ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በ1902 ደግሞ ሬዲዮ ከምድር ክብነት ጋር አብሮ የሚታጠፈው ሰማይ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ንብርብር ስላለ ሊሆን ይችላል ብሎ ጻፈ።

ኑሮው ግን እየከፋ ነው የሄደው። ከ1908 ጀምሮ ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ የወንድሙ ሚስት እህት በሆነችው በሜሪ ዌይ ቤት ኖረ። ተከራዩ እሱ፣ ባለቤቷ እሷ፤ ግን እንደ እስረኛ ይቆጣጠራት ነበር ይባላል፤ ከዓመታት በኋላ ቤቱን ትታለት ወጣች። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ይሄን እንደ ቀልድ ሲያልፉት አልወድም። ብቻውን ሲቀር ከጋዝ ኩባንያው ጋር በሂሳብ ተጣላ፣ ጥፍሩን ሮዝ ቀለም ይቀባ ጀመር፣ የቤት ዕቃውን በግራናይት ድንጋይ ተካው ይባላል። ሐኪሞች ከመቶ ዓመት ርቀት የበሽታ ስም ይሰጡታል። ያልመረመርኩትን በሽተኛ ስም አልሰጥም። የማየው ሽማግሌ፣ ጆሮው የከበደ፣ ብርድ የማይችል፣ ጠያቂ የሌለው ሰው ነው።

በታኅሣሥ 1924 ኤድዋርድ አፕልተን የሰማዩን ንብርብር መኖር በሙከራ አረጋገጠ። ሄቪሳይድ በዚያው ክረምት ከመሰላል ወደቀ። ቶርኪ ውስጥ ወደሚገኝ የሕሙማን ማቆያ ወሰዱት፤ የካቲት 3 ቀን 1925፣ በ74 ዓመቱ ሞተ። የአፕልተን ውጤት የታተመው በቀጣዩ ወር ነው። ሄቪሳይድ ፔይንተን በምትባለው አጎራባች ከተማ፣ ከአባቱና ከእናቱ ጋር በአንድ መቃብር ተቀብሯል።