ሐኪም ያዕቆብና የሰማይ እንግዶች

ክረምቱ አልፎ ደመናው ሲገፈፍ በመቐለ ከተማ ላይ የሚዘረጋውን የሌሊት ሰማይ ቀና ብሎ ያየ ተማሪ፥ ከዚያ ኹሉ ኮከብ መካከል ወደ ምድራችን የሚመጣ እንግዳ ይኖር እንደ ኾነ፥ ቢመጣም ስለ ምን እንደሚሸሸግ መጠየቁ አይቀርም። እንግዶቹ መጥተዋል የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ደግሞ ያገራችን ሀብት የኾነውን መጽሐፈ ሄኖክን ነው። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ወደ አውሮፓ ያደረሰውን የጄምስ ብሩስን ታሪክ ላንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ በተባለ ስፍራ ተወለደ። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ኾኖ ካገለገለ በኋላ የዓባይን ምንጭ ለማየት ቈርጦ በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ገባ። የኮከብን ከፍታ የሚለካበትን ከባድ መሣሪያ ሰዎች እየተፈራረቁ፥ እርሱም ራሱ እየተሸከመ የታራንታን ተራራ ወጥቶ ዓድዋ ደረሰ፤ በአክሱምም አልፎ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። መቐለ በዚያ ዘመን የመንግሥት መቀመጫ አልነበረችም፤ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት መናገሻቸው ያደረጓት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ናቸው። ብሩስ ያለፈውም ከእርሷ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው መንገድ ነበር። ትግራይን ይገዙ የነበሩት ራስ ሚካኤል ስሑል በዚያ ጊዜ ጎንደርንም በእጃቸው አድርገው ንጉሥ ይሽሩና ያነግሡ ነበር።

ሰውዬው ቁመቱ ከስድስት ጫማ የሚያልፍ፥ ጠጕሩም ቀይ ነበር። ያገሩን ልብስ ለበሰ፥ አማርኛና ትግርኛ ተማረ፥ ስሙንም ሐኪም ያዕቆብ አሰኘ። እንግዳነቱን ግን ሊሸሽግ አልቻለም። በቍስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤት በፈንጣጣ የታመሙትን በማከሙ ሞገስ አገኘ፤ በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በስናርና በኑብያ በረሃ በኩል አልፎ በ1774 ለንደን ተመለሰ።

በለንደን ግን የሚያምነው ሰው አላገኘም። በአክሱም አጠገብ ወታደሮች ከቁም ላም ሥጋ ቈርጠው ሲበሉ አይቻለሁ በማለቱ ሊቃውንቱ ተጠራጠሩት፥ ቀልደኞቹም ሳቁበት። ይህ ወሬ እኛንም ደስ አይለንም፤ ነገር ግን ደስ አለማለቱ ብቻውን ሐሰት አያደርገውም። በ1790 መጽሐፉን ባምስት ቅጽ አሳተመ። ከእርሱ በኋላ ወዳገራችን የመጡ መንገደኞች ከተናገረው ብዙውን እውነት ኾኖ አገኙት።

ይሁን እንጂ ብሩስ የዋሸበትም አለ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ከእርሱ ቀድሞ የግሽን ምንጭ ማየቱን ሊያስክድ ሞከረ። ይልቁንም ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለውን ጣሊያናዊ ሰዓሊ ጓደኛውን ወደ ግሽ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። የባሉጋኒ የእጅ ማስታወሻ ግን ሰዓሊው አብሮት እንደ ነበረ አጋለጠ። እውነቱም ሐሰቱም የታወቀው ወረቀት፥ ሥዕልና ልክ ስለ ቀረ ነው።

ከያዛቸው ብራናዎች ሦስቱ መጽሐፈ ሄኖክ ነበሩ። ሙሉው መጽሐፍ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ ስለ ኖረ አውሮፓውያን ሲመኙት የነበረ ነው። አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ፥ አንዱም ኦክስፎርድ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። መጽሐፉ ትጉሃን የተባሉ 200 መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ወርደው ሴቶችን እንዳገቡ፥ ሰይፍ መሥራትንና የከዋክብትን ነገር እንዳስተማሩ፥ ግዙፋን ልጆችንም እንደ ወለዱ ይናገራል። በቤተ ክርስቲያን መምህራን ዘንድ የወረዱት የሴት ልጆች ናቸው የሚል ትርጓሜ አለ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን ኤሪክ ፎን ዴኒከንና መሰሎቹ፥ እነዚህ ወራጆች ከሌላ ዓለም በመርከብ የመጡ ፍጡራን ናቸው ወደ ማለት አዘነበሉ።

እኛ ይህን አንቀበልም። በሄኖክ የተነገሩት ወራጆች አልተሸሸጉም፤ አገቡ፥ አስተማሩ፥ ምድርን አወኩ። ዛሬ ይመጣሉ የሚባሉት ግን አንዳች ዱካ አይተዉም። የፊዚክስ ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚ በ1950 በሎስ አላሞስ ከጓደኞቹ ጋር ምሳ ሲበላ፥ እንዲህ ያሉ ፍጡራን ካሉ እስከ ዛሬ ያልታዩት የት ኾነው ነው ሲል መጠየቁ ይታወቃል። በ1973 ደግሞ ጆን ቦል የተባለ የከዋክብት ተመራማሪ፥ እኛ የዱር አራዊትን ከልለን ከሩቅ እንደምንመለከት እነርሱም ሳይነኩን ይመለከቱን ይኾናል የሚል አሳብ አቀረበ። አሳቡ ብልኅነት አለው፤ ነገር ግን ምንም አለመታየቱን ራሱን ምክንያት ስለሚያደርግ በምን ሊፈተን ይችላል? የብሩስን ቃል የተጠራጠረ ሰው ግን መሣሪያውን ይዞ ግሽ ድረስ መሄድ ይችል ነበር፤ ከመንገዱ ርዝመት በቀር የሚከለክለው አልነበረም።

የጎንደር ሽብርና የኑብያ ጥማት ያልገደሉት ብሩስ በኤፕሪል 1794 በኪኔርድ ቤቱ አንዲት እንግዳ ሴት ወደ ሠረገላዋ ሊያደርስ ሲጣደፍ ከደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ያመጣቸው የሄኖክ ብራናዎች እስከ ዛሬ በኦክስፎርድና በፓሪስ ይገኛሉ።