ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የነገው ዋጋ

የሀብትን ነገር ከሥሩ ለመመርመር ከተነሡት ኢትዮጵያውያን መካከል ስማቸው በቅድሚያ የሚጠራው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ ነው። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩና በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ።

ገብረ ሕይወት በልጅነታቸው ወደ ምጥዋ ተሰደው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከወደቡ የቆመውን የጀርመን መርከብ ሊያዩ ወጥተው በዚያው ወደ አውሮፓ ሄዱ። አንድ የኦስትሪያ ባለጸጋ ቤተ ሰብ ተቀብሎ አሳደጋቸው፤ በጀርመን አገርም ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ አማርኛን አጥንተው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ። ኋላም የጅቡቲ ምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ።

ጉምሩክ የአገር መስተዋት ነው። ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ ጨርቅና ብረት ሲገባ የሚታየው በዚያ ነው። ነጋድራስም ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚቀበል ሕዝብ ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት እንደሚያገኝ፣ እውነተኛው ሀብትም ብሩ ሳይሆን በዕውቀት የሚመራ ሥራ መሆኑን አስረዱ። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

የዛሬ ወጣት ሹም ከዚህ ምን ይማራል? በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ጭማሪ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንበሳሜ ገበሬ ዋጋው ነገ ይጨምራል ብሎ ካሰበ ጤፉን በጎተራ ያቆያል፤ ሸማቹም በፍርሃት ቀድሞ ይገዛል። ስለዚህ ሐሳቡ ራሱ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ለመለካት ነጋድራስ በተማሩበት በጀርመን አገር የሚገኘው የሙኒክ ኢፎ ተቋም፣ ከአንድ የስዊስ ተቋም ጋር ሆኖ፣ ከመቶ በላይ በሆኑ አገሮች የሚኖሩትን የኤኮኖሚ ሊቃውንት በየሦስት ወሩ ስለሚመጣው የዋጋ ጭማሪ ይጠይቃል።

ነገር ግን የሊቅ ግምት ብቻውን አይበቃም። ሊቁ ጋዜጣና መዝገብ ያነባል፤ ገበሬው ግን የሚያነበው የገበያውን ቀን ነው። ሁለቱ ግምቶች ሲራራቁ መንግሥት የሚሰማው አንዱን ብቻ ከሆነ ይሳሳታል። ነጋድራስ የአውሮፓን ትምህርት ይዘው ከጉምሩክ በር ላይ ቆመው ነበርና ሁለቱንም አዩ። ከቢሮ ወንበር ለተቀመጥን ወጣቶች የተዉልን ውርስ ይህ ነው፤ መጽሐፉን ዘግተን ወደ ገበያው፣ ከገበያውም ወደ መጽሐፉ መመላለስ።