ከቀይ ቀለም ወዲያ፦ የዊልያም ሄርሼል የሕይወት ታሪክ

ለትምህርት ቤታችን በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት ስለ አንድ ታላቅ ሰው እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ የብዙ ነገሥታትና የጦር አለቆች ስም በልባችን ተመላለሰ። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ አሳባችንን የሳበችው በግቢያችን በር ላይ የተሰቀለችው ትንሽ የጥበቃ ካሜራ ናት። ማታ ከጥናት ክፍል ስንወጣ ግቢው ድቅድቅ ጨለማ ነው። በዘበኛው ቤት ባለው ቴሌቪዥን ላይ ግን አጥሩም ዛፉም የኛም መልክ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የፊዚክስ መምህራችንን ምስጢሩን ብንጠይቃቸው፣ የነገሩ መነሻ በ1800 ዓ.ም. አንድ የቀድሞ ሙዚቀኛ በቴርሞሜትር ያገኘው ነገር መሆኑን አስረዱን። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ልንጽፍ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዊልያም ሄርሼል ኖቬምበር 15 ቀን 1738 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሐኖቨር ከተማ ተወለደ። አባቱ ይስሐቅ በክብር ዘበኛ ጦር የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ኦቦ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋ ነበር። ልጁም 14 ዓመት ሲሆነው ከአባቱ ጓድ ገባ። በ1757 ዓ.ም. የፈረንሳይ ጦር ሐኖቨርን በያዘ ጊዜ ዊልያም ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። ያን ጊዜ ዕድሜው ከኛ ዕድሜ እምብዛም አይበልጥም ነበር። በባዕድ አገር የሙዚቃ ጽሑፍ እየገለበጠና እያስተማረ እንጀራውን ሲያገኝ ቈይቶ፣ በ1766 ዓ.ም. በባዝ ከተማ የአንድ ጸሎት ቤት የኦርጋን ተጫዋች ሆነ።

ዊልያም ቀን ሙዚቃ ሲያስተምር ውሎ ሌሊት መጽሐፍ ያነብ ነበር። ከድምፅ ሒሳብ ተነሥቶ ወደ ብርሃን ትምህርት፣ ከብርሃን ትምህርትም ወደ ከዋክብት ደረሰ። ትልቅ ቴሌስኮፕ ለመግዛት ገንዘቡ ስላልበቃው ከመዳብና ከቈርቈሮ ቅልቅል በገዛ እጁ መስተዋት እያቀለጠ ይሠራ ጀመር። በዚህ ሥራ ረዳቱ በ1772 ዓ.ም. ከሐኖቨር ያመጣት እኅቱ ካሮላይን ነበረች። ይህች ሴት በልጅነቷ በታይፈስ በሽታ ተይዛ ቁመቷ አጥሮ የቀረ፣ በእናቷም ቤት እንደ ሠራተኛ ትቈጠር የነበረች ናት። ወንድሟ መስተዋቱን ሲወለውል እጁን ማንሣት ስለማይችል፣ አንድ ጊዜ 16 ሰዓት ሙሉ ሲሠራ በአፉ እያጐረሰችው ሥራው ተፈጸመ።

ማርች 13 ቀን 1781 ዓ.ም. ሌሊት ዊልያም በባዝ ከቤቱ ጓሮ ሆኖ ሰማይን ሲመረምር ከሌሎቹ የተለየ አንድ ብርሃን አየ። በመጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መስሎት ነበር። ሊቃውንት መንገዱን በሒሳብ ሲከተሉት ግን ከሳተርን ወዲያ ፀሐይን የሚዞር ፕላኔት ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም ዛሬ ዩራኑስ የሚባለው ነው። ከዚህም የተነሣ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በየዓመቱ 200 ፓውንድ ስለ ቈረጡለት ሙዚቃውን ትቶ በከዋክብት ምርምር ብቻ ተጠመደ። እሱ በጨለማ ቆሞ ያየውን ሲናገር፣ ካሮላይን በመብራት አጠገብ ተቀምጣ ትጽፍ ነበር። እሷም በራሷ ቴሌስኮፕ 8 ጅራታም ከዋክብት አግኝታለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ዊልያም ፀሐይን ለመመልከት በዐይኑ ፊት ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው መስተዋቶች ያኖር ነበር። አንዳንዱ መስተዋት ብርሃኑን እጅግ ቀንሶ ሙቀቱን እንደሚያሳልፍ፣ ሌላው ደግሞ ብርሃን አሳልፎ ሙቀት እንደሚያስቀር ልብ አለ። በ1800 ዓ.ም.፣ በ61 ዓመቱ፣ የፀሐይን ብርሃን ፕሪዝም በሚባለው ባለ ሦስት ማእዘን መስተዋት አሳልፎ ወደ ቀለማቱ ከፈለው። በየቀለሙም ላይ ቴርሞሜትር አኖረ፤ ለማመዛዘኛም ሌሎች ቴርሞሜትሮችን ከብርሃኑ ውጭ አስቀመጠ። በሐምራዊው 2 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ በአረንጓዴው ከ3 ጥቂት የሚበልጥ፣ በቀዩ 7 ገደማ ከፍ አለ። ከዚያም ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም ጫፍ ወዲያ፣ ዐይን አንዳች ብርሃን ከማያይበት ስፍራ ላይ አኖረው። በዚያም ቴርሞሜትሩ ወደ ላይ ወጣ። እንግዲህ ፀሐይ የማይታይ ጨረር እንዳላት ታወቀ። ይህ ጨረር ኋላ ኢንፍራሬድ ተባለ፤ ትርጓሜውም ከቀይ በታች ማለት ነው።

የበራችንም ካሜራ የምትሠራው በዚሁ ጨረር ነው። የሰው ዐይን የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ብርሃን ነው። ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። በካሜራው ውስጥ ያለው የሲሊኮን ሴንሰር ግን እስከ 1100 ገደማ ይቀበላል። ቀን የነገሩ ቀለም እንዳይበላሽ ኢንፍራሬዱን የሚከለክል ማጣሪያ በፊቱ ይቆማል። ሲመሽ ማጣሪያው ፈቀቅ ይልና በዙሪያው የተደረደሩት ትናንሽ መብራቶች 850 ወይም 940 ናኖሜትር የሆነ ጨረር ይረጫሉ። ጨረሩ ከሰውና ከግንብ ነጥሮ ሲመለስ ካሜራው ሥዕሉን በጥቁርና በነጭ ያነሣል። 850 የሚሠራው መብራት ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ 940 ግን ለዐይን አይታይም። መብራቱ ከማይደርስበት ርቀት ወዲያ ካሜራው ጨለማ ነው፤ በፊቱም ሸረሪት ድር ብታደራ ድሩ እንደ ነጭ ገመድ አብርቶ ሥዕሉን ይሸፍናል። ብዙዎቻችን ካሜራው የሰውነትን ሙቀት የሚያይ ይመስለን ነበር፤ ይህ ስሕተት ነው። ያለ መብራት የሰውነትን ሙቀት የሚያነሣው ሌላ ዐይነት ካሜራ ነው፤ እሱም 10000 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ረጅም ሞገድ ይቀበላል።

ዊልያም ሄርሼልም አልተሳሳተም አንልም። ያው በ1800 ዓ.ም. ምርምሩን ሲፈጽም፣ ብርሃንና የማይታየው የሙቀት ጨረር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው ብሎ ደመደመ። በሞገድ ርዝመት ብቻ የሚለያዩ አንድ ወገን መሆናቸው የታወቀው ከሱ በኋላ ነው። ነገር ግን የለካውን ሁሉ በዝርዝር ጽፎ ስላሳተመ፣ ከሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ስሕተቱን ለማቃናት ቻሉ። ኦገስት 25 ቀን 1822 ዓ.ም. በስላው ከተማ በ83 ዓመቱ ሞተ። ካሮላይን ወደ ሐኖቨር ተመልሳ እስከ 1848 ዓ.ም. በሕይወት ቈየች፤ በ1828 ዓ.ም. የእንግሊዝ የከዋክብት ምርምር ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸልሟታል።

ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው፣ ዐይናችን ምንም የለም ባለን ስፍራ ላይ መለኪያ አኑረን ሳንመረምር የለም ብለን እንዳንፈርድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እኛን በቅርብ የሚነካ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ይዘን በተቀመጥንበት ሰዓት፣ በየቤታችን ውሃ የምትቀዳና እሳት የምታነድ እኅት አለችን። ካሮላይን ባታጐርሰው መስተዋቱ አይወለወልም ነበር። የኛም ስም በዚህ መጽሔት ሲታተም የሷ ስም ከቀዩ ቀለም ወዲያ እንደ ቀረ እናውቃለን። በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ስንወጣ ከፊታችን ያለው የመጀመሪያው ዕዳ ይህ ነው፤ እሷም መጽሐፍ ይዛ የምትቀመጥበትን ጊዜ ማስገኘት።