እንቅስቃሴን ትምህርት ያደረገው ሐኪም፦ የዶክተር አንድራሽ ፔቶ አጭር የሕይወት ታሪክ

አንድ ሕፃን መቀመጥ፣ መቆምና ማንኪያ መያዝ ሲያቅተው ጉዳዩ የማን ነው? የሐኪም ነው ወይስ የመምህር? አብዛኞቻችን ብዙም ሳናስብ የሐኪም ነው እንላለን። እሱ ራሱ ሐኪም ሆኖ ሳለ፣ ይህ የመምህር ሥራ ነው ብሎ ዕድሜውን ለዚሁ ያዋለ ሰው ነበር። እሱም ሀንጋሪያዊው ዶክተር አንድራሽ ፔቶ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፔቶ በ1893 በምዕራብ ሀንጋሪ በምትገኘው በሶምባትሄይ ከተማ ተወለደ። ሕክምና የተማረው በቪየና ሲሆን፣ በ1921 ተመርቆ እዚያው ኦስትሪያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠራ። በ1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስትይዝ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ በመሆኑ እዚያ መኖር አልቻለም። ወደ ሀንጋሪ ተመልሶ ያንን ክፉ የጦርነት ዘመን በሕይወት አለፈ።

ጦርነቱ በ1945 እንዳበቃ በፈራረሰችው ቡዳፔስት ጥቂት ልጆችን ሰብስቦ ሥራ ጀመረ። ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ነበሩ። ይህ ችግር የሚመጣው በማደግ ላይ ያለ የሕፃን አእምሮ በማሕፀን ሳለ፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከተወለደ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሲጎዳ ነው። ጡንቻው አእምሮ እንዳዘዘው አይታዘዝም፤ ይገትራል፣ ይዝላል ወይም ያለ ፈቃድ ይንቀሳቀሳል። ጉዳቱ ራሱ እየባሰ የሚሄድ አይደለም። የማሰብ ችሎታቸው ያልተነካ ልጆችም ብዙ ናቸው። ታዲያ መናገር ስላቃታቸው ብቻ አያውቁም ተብለው የሚቀሩ ስንቶች ናቸው!

በተለመደው አሠራር አንዱ ባለሙያ እግሩን ያሻል፣ ሌላው ንግግር ያለማምዳል፣ መምህሩ ደግሞ ፊደል ያስቆጥራል። ልጁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል እንጂ ሙሉ ሰው አድርጎ የሚያየው የለም። ፔቶ ይህን አልተቀበለም። በእሱ አስተሳሰብ የተጎዳው አእምሮም ቢሆን ይማራል፤ ስለዚህ እንቅስቃሴ ለልጁ የሚሠራለት ሳይሆን ልጁ ራሱ የሚማረው ነገር ነው።

በዚህም መሠረት ልጆቹ በቡድን ሆነው ከጧት እስከ ማታ ይማሩ ነበር። ልብስ መልበስ፣ መታጠብ፣ መብላት፣ ሽንት ቤት መሄድ ሁሉ ትምህርት ነው። ዕቃውም ቀላል ነው። ከእንጨት ርብራብ የተሠራው አልጋ፣ ሲተኙበት አልጋ፣ ሲቀመጡ ጠረጴዛ ይሆናል፤ የተገተረ ጣት ደግሞ ርብራቡን መጨበጥና መልቀቅ ይለማመድበታል። የወንበሩ መደገፊያ እንደ መሰላል ስለሆነ፣ ልጁ እሱን ይዞ ይነሣል፣ እየገፋም ይራመዳል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በትንሽ በትንሹ ይከፋፈላል። ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው በአፋቸው ይናገራሉ፤ ከዚያም አብረው እስከ አምስት እየቆጠሩ ወይም እየዘመሩ ይሠሩታል። ቃሉና ምቱ አካልን እንዲመሩ ማለት ነው። መቼም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ሥራ ሆኖ ይታያል።

በ1950 ሥራው የመንግሥት ተቋም ሆነ። በ1963 ደግሞ ተቋሙ ከጤና ሚኒስቴር ወጥቶ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛወረ። ይህ የወረቀት ለውጥ ብቻ አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ልጅ ከበሽተኛነት ወደ ተማሪነት ተሻገረ ማለት ነው እንጂ! ኮንደክተር የተባሉ አስተማሪዎችም እዚያው ለዓመታት ይሠለጥኑ ነበር።

ፔቶ በ1967 በተወለደበት ዕለት፣ መስከረም ወር ላይ፣ በ74 ዓመቱ ሞተ። ሥራውን የቀጠለችው ከተማሪነቷ ጀምሮ አብራው የሠራችው ሐኪም ማሪያ ሀሪ ናት። በ1986 ቢቢሲ ስለዚሁ ትምህርት ፊልም ካሳየ በኋላ ብዙ የእንግሊዝ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ቡዳፔስት ጎረፉ።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሳንሸፋፍን እንናገር። ዘዴው የአእምሮን ጉዳት አይፈውስም። በ1993 የወጣው በበርሚንግሃም የተካሄደ ጥናት፣ በዚህ ዘዴ የተማሩት ልጆች በሌላ ጥሩ ልዩ ትምህርት ከተማሩት የተሻለ ለውጥ እንዳላሳዩ ገልጿል። በእግር መሄድን ከሁሉ ያስቀደመ ነው፣ ጉዳታቸው የከበደውንም ልጆች አይቀበልም ተብሎ ተነቅፏል። ነቀፌታውም ተገቢ ነው፤ የማይራመድም ልጅ የመማር መብት አለውና።

እንግዲህ ለእኛ ለእጩ መምህራን የሚቀረው ምንድን ነው? ነገ ተመድበን በምንሄድበት ቀበሌ እንዲህ ያለ ልጅ ከቤት ሳይወጣ ሊቆየን ይችላል። የሕክምና ባለሙያ ካለ የእሱን ምክር እንጠይቅ፤ እጅና እግሩን በግምት አንጎትት። ነገር ግን ስሙን መዝገብ ላይ መጻፍ፣ ደህና የሚደገፍበት መቀመጫ ማዘጋጀት፣ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን በትዕግሥት መጠበቅ የሐኪም ሥራ አይደለም። የእኛ ነው።