ኤሲ ማለት ቀዝቃዛ አየር ብቻ አይደለም

ኤሲ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? እኔን እስካለፈው ሐምሌ ድረስ ትዝ የሚለኝ ባንክ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ አናታችን ላይ የሚነፍሰው ብርድ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ከሞተ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ የገዛ ስሙን የገዛ ሥራው ላይ መጻፍ ያልቻለ ሰው።

ነገሩ የጀመረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩት አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ የ1969 ሞዴል ካማሮ አላቸው። አሜሪካኖች ማስል ካር ከሚሏቸው ውስጥ ነው፤ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር ሞተር፣ ሲነሳ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ። ታክሲ ነድተው ባጠራቀሙት ብር ነው የገዙት። ሰሞኑን ግን ሞተሩ እያሳለ፣ መብራት ላይ ሲቆም እየተንዘፈዘፈ አስቸግሯቸዋል። ጣቶቻቸው ደግሞ እንደ ድሮው አይታጠፉላቸውም። ስለዚህ ሊሸጡት ወስነው ነበር። ገዢው ቅዳሜ ሊመጣ ቀጠሮ ይዟል።

ችግሩን ያውቁታል፤ ካንዴላ ነው። ካንዴላ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ሻማ። ሞተር ውስጥ ታምቆ የተቀመጠውን ቤንዚንና አየር የምትለኩሰው እሷ ናት። ይሄ ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዷ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ እሳት ትተፋለች። አንዷ ከሰነፈች ሰባቱ ለፍተው ስምንተኛዋ ታሳፍራቸዋለች።

የሰነፈችው ቁጥር 7 ናት። በሹፌሩ በኩል የመጨረሻዋ። ከእሳቸው በፊት የነበረው ባለቤት ወፋፍራም የጭስ ቱቦዎች አስገጥሞበታል። ቁጥር 7 በቱቦው፣ በመሪው ዘንግና በኋላው ግድግዳ መካከል ተደብቃለች። ከላይ እጅ አይገባም። አጎቴ ባለፉት ዓመታት ሌሎቹን ሲቀይሩ እሷን ይተዋት ነበር። ከሳቸው በፊት የነበሩትም እንደተዋት በኋላ ገባን።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ጣቶቼ ግን ቀጫጭን ናቸው። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዙኛል፣ እኔ እሠራለሁ። ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዟል። መኪናውን በክሪክ አንስተን፣ ሥሩ መደገፊያ አስገብተን፣ የፊት ግራውን ጎማ ፈታን። በጎማው ክፍተት ሲገባ መንገድ አለ። ገመዷን ብቻ ነቀልኩ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ከነቀልክ የማን የማን እንደሆነ ይጠፋብሃል። ጉድጓዱን በአየር አጸዳነው፤ አቧራው ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ጣጣ ነው። ከዚያ አጭር ቡሶላ ከሚታጠፍ መገጣጠሚያ ጋር አስገብቼ ትንሽ ትንሽ ማዞር ጀመርኩ። እጄን ሁለት ቦታ ቆረጠኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ወጣች።

ነጭ ሸክላዋ ላይ አረንጓዴ ቀለበቶች አሉ። ጥላሸቱን ስጠርገው ኤ እና ሲ የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ወጡ። ጋሼ የሰው ስም መሆኑን ነገሩኝ። አላመንኳቸውም። ማታ ፈልጌ ሳነብ አደርኩ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልበርት ሻምፒዮን ይባላል። በ1878 ፓሪስ ውስጥ፣ ባቲኞል በሚባል ሰፈር ተወለደ። ቤተሰቡ ድሃ ነበር። ገና በልጅነቱ ሳይክል ቤት በተላላኪነት ተቀጠረ። ተላላኪው ልጅ ሳይክሉን መንዳት ጀመረ፤ ከዚያ ማሸነፍ ጀመረ። በ1899፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆኖ፣ ከፓሪስ እስከ ሩቤ ያለውን ውድድር አሸነፈ። ዛሬም በየዓመቱ የሚካሄደው፣ በድንጋይ ንጣፍ መንገዱ ብስክሌተኛ የሚያስለቅሰው ያ ውድድር ነው። ስሙ ሻምፒዮን፣ ሥራው ሻምፒዮን።

በተለይ የሚታወቀው ግን ከሞተር ኋላ በመጋለብ ነው። ፊት ለፊት ሞተር ብስክሌት ነፋስ እየሰበረ ይሄዳል፣ እሱ ከኋላው ተለጥፎ ይበራል። እስቲ አስቡት። የፊተኛው ሞተር አንድ ጊዜ ካሳለ ወይ ፍጥነትህን ትቀማለህ፣ ወይ ተጋጭተህ ትወድቃለህ። እኔ እንደሚመስለኝ ካንዴላ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት መጀመሪያ የገባው እዚያ ነው።

በ1900 አሜሪካ ገባ። እዚያም በሳይክልና በሞተር ብስክሌት ተወዳደረ። በ1903 ብሩክሊን ውስጥ ብራይተን ቢች በሚባል ቦታ ፓካርድ መኪና ይዞ ለውድድር ገባና ተገለበጠ። የጭኑ አጥንት ተሰበረ። ሲድን አንዱ እግሩ ካንዱ አጠረ። ለሳይክል ጋላቢ ይሄ ማለት አበቃ ማለት ነው። እሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት ፈረንሳይ ተመልሶ፣ በዚያው እግሩ፣ ከሞተር ኋላ በሚጋለበው ውድድር የአገሩን ሻምፒዮና ወሰደ። ከዚያ እግሩን ለሕይወቱ ማቆየት እንዳለበት ገባው መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ንግድ አዞረ።

በ1905 ቦስተን ውስጥ በራሱ ስም ድርጅት ከፈተ። ብር አልነበረውም፤ ስትራናሃን የሚባሉ ወንድማማቾች ገንዘብ አወጡ። መጀመሪያ የፈረንሳይ የኤሌክትሪክ ዕቃ እያስመጣ ሸጠ፣ ቀጥሎ ካንዴላ ራሱ መሥራት ጀመረ። በዚያ ዘመን ካንዴላ የሞተር ራስ ምታት ነበረች። ሸክላዋ ይሰነጠቃል፣ ጥላሸት ይሞላታል፣ ሹፌር መንገድ ዳር ቆሞ ሲያጸዳ ይውላል። ደህና ካንዴላ የሚሠራ ሰው ገበያ አያጣም።

ገበያው በ1908 መጣ። የቢዊክ መኪና ጌታ ዊልያም ዱራንት፣ በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስን የመሠረተው ሰውዬ፣ ሻምፒዮንን ወደ ፍሊንት፣ ሚሺጋን ወሰደው። ስትራናሃኖች ግን አልተከተሉትም። ሻምፒዮን ካንዴላ የሚለው ስም እነሱ ጋ ቀረ። በ1910 ቶሌዶ፣ ኦሃዮ ሄደው በዚያ ስም ትልቅ ፋብሪካ አቋቋሙ። መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ ሻምፒዮን የሚል ካንዴላ ካያችሁ፣ መነሻው የእነሱ ፋብሪካ ነው። የእሱ ስም፣ የእነሱ ዕቃ።

እዚህ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩ። ድሃ ሆነህ ስትወለድ ያለህ ስምህ ብቻ ነው። በሳይክል ያስከበርከው ስም፣ በተሰበረ እግር ያስመለስከው ስም። ከዚያ አንድ ቀን ትነሳና ሱቅ ውስጥ የምታየው ስምህ ተፎካካሪህ ሆኖ ይጠብቅሃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዕድሜውን በክርክር ይጨርሳል። እሱ ካንዴላዎቹ ላይ የስሙን መጀመሪያ ሁለት ፊደሎች ብቻ ጻፈ፣ ኤ እና ሲ። በ1922 የድርጅቱም ስም በሁለቱ ፊደሎች ተቀየረ።

ሁለቱ ፊደሎች ሩቅ ሄዱ። በግንቦት 1927 ቻርልስ ሊንድበርግ ከኒውዮርክ ፓሪስ ብቻውን ያለማቋረጥ ሲበር፣ 33 ሰዓት ተኩል አየር ላይ ያቆየችው ሞተር ዘጠኝ ሲሊንደር ነበራት። ካንዴላዎቿ ኤሲ ነበሩ። ባቲኞል የተወለደው ተላላኪ ልጅ ሥራ፣ በሰማይ በኩል ፓሪስ ገባ።

እሱም በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ፓሪስ ሄደ። እዚያው ሞተ። ገና 49 ዓመቱ ነበር። ፊደሎቹ ግን ዛሬም አሉ፤ ኤሲዴልኮ የሚለው የመለዋወጫ ስም መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው።

በማግስቱ አዲሷን ካንዴላ ለመግጠም ተመለስን። ክፍተቷን 0.9 ሚሊሜትር ላይ ለካን። ጋሼ ቁራጭ የጎማ ቱቦ ሰጡኝ፤ ካንዴላዋን ጫፉ ላይ ሰክቼ በጣቶቼ አዞርኩ። ጥርሱ ጠማማ ከያዘ ቱቦው ይንሸራተታል፣ ቴስታታው ይተርፋል። በቁልፍ ከጀመርክ ግን ጉልበትህ ያታልልሃል። ገባች። ገመዷን መለስን፣ ጎማውን አሠርን።

ጋሼ ቁልፉን አዞሩ። ሳል የለም፣ መንዘፍዘፍ የለም። አጥፍተው እንደገና አስነሱት። ሦስተኛ ጊዜም አስነሱት፣ ምንም ሳይጎድለው፣ ለመስማት ብቻ። ፊታቸውን አዙረው ኮፋኖውን ረጅም ሰዓት ጠረጉት፤ እኔም ወደ ሌላ አቅጣጫ አየሁ።

ቅዳሜ ገዢው በሰዓቱ መጣ። ጋሼ ቡና አፍልተው፣ ሦስተኛውን አጠጥተው፣ ይቅርታ ጠይቀው ሸኙት። አሮጌዋ ካንዴላ ቲቪው ሥር፣ ከቤተሰቡ ፎቶ አጠገብ ተቀምጣለች። ፊደሎቹ ወደ ሰው ዞረዋል።